ስለ አዴ ናፊሳ ውፍረትና ስለ መስኮትዎ ጥበት

ድሬዳዋ፣ ኅዳር ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወልደማርያም ብሥራት
የፀሐይ በር የኤሌክትሪክ አውቶቡስ አክሲዮን ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ሰላምና ከራስዎ በላይ የምትሽከረከረውን የቢሮዎን ማራገቢያ ደኅንነት እጅ ነሥቼ እጠይቃለሁ። እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ የተዘጋ በር ባየሁ ቁጥር ትንፋሽ ከሚያጥረኝ በቀር፣ ደኅና ነኝ።

ስሜ የኔነሽ ካሣ ይባላል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በባቡር ሥራ ምክንያት ከሸዋ ይዞኝ መጥቶ፣ እሱ ሲያርፍ እኔ እዚሁ ቀረሁ፤ በአንድ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤትም ልብስ ስፌት አስተምራለሁ። ለክቡርነትዎ በፖስታ ደጋግሜ ብጽፍም መልስ አላገኘሁም። ሥራ ስለሚበዛብዎ ይሆናል ብዬ፣ ሌላው ሰው አንብቦ እንዲነግርዎ በማሰብ ይህን በአደባባይ አወጣሁት።

በቅድሚያ ላመስግንዎ ይገባኛል። ቤንዚን የማይጠጡ፣ ጭስ የማይተፉ፣ ሲሄዱ እንደ ድመት ኮቴያቸው የማይሰማ፣ በባትሪ ኃይል ብቻ የሚነዱ አውቶቡሶች ለከተማችን አምጥተውልናል። ሙዚቀኛ አሰልፈው ሪባን ባስቆረጡ ዕለት እልል ካሉት መካከል እኔም ነበርሁ። እነዚህ ተሽከርካሪዎች በወጣትነታቸው በውጭ አገር፣ በብርድ አገር፣ ማለዳ ማለዳ ለየቤቱ ወተት ሲያድሉ የኖሩ መሆናቸውን ያወቅነው ኋላ ነው። ጠርሙስ «በመስኮት ልውጣ» ስለማይል መስኮት አልነበራቸውም። እርስዎ ግን ለእኛ አዝነው፣ ከጣራው ሥር የዶሮ ቤት በር የሚያህሉ ቀዳዳዎች አስቀደዱላቸው። ስለ ርኅራኄዎ እግዜር ይስጥልን።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። ተሽከርካሪዎችዎ መሄድ ሲሰለቻቸው ይቆማሉ። የድሬዳዋ ፀሐይ ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲያግለው ከወለሉ ሥር የተደረደሩት ባትሪዎች ይዝላሉ መሰለኝ፣ መኪናዋ በመንገዱ መካከል ድንገት ቀጥ ትላለች። ቤንዚን ጠጪዎቹ መኪኖች ባለጌ ስለሆኑ ከመሞታቸው በፊት ያስላሉ፣ ያቃስታሉ፣ ያጨሳሉ፤ የእርስዎ ግን እጅግ ከመሠልጠኗ የተነሣ ሞቷን እንኳ ለሰው አታረዳም። ሞተሩ፣ ጥሩንባውና በሩ በአንድ ጅማት የታሠሩ ናቸውና ኃይሉ ሲሄድ ሁሉም አብረው ይሄዳሉ።

በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ስትቆም እንስቅ ነበር። ባለጋሪዎቹ «የኤሌክትሪኩ ፈረስ ደከመው እንዴ? ሣር እናምጣለት?» እያሉ ሲያልፉ እኛም በላብ እንደ ተጠመቅን ከውስጥ እንስቅ ነበር። በባቡር ሐዲዱ ላይ ስትቆም ግን ሳቁ ቀረ። ያን ቀን እኔ አልነበርሁም፤ የነበሩት ሴቶች ባቡሩ እያፏጨ ሲመጣ የበሩን ቆርቆሮ በጥፍራቸው ሲቧጥጡ ነበር። ኃይሉ ድንገት ተመለሰና መኪናዋ ሾልካ አመለጠች። በማግስቱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቢሮዎ ድረስ መጥተው አቤት ቢሉ፣ ክቡርነትዎ «ታዲያ ምን ሆነ? አልፋ የለም ወይ?» ብለው እንደ ሸኟቸው ሰምተናል። እውነትዎን ነው፤ አልፋለች።

ሁለተኛ። የሽማግሌዎቹ አቤቱታ ፍሬ አላፈራም ብል ግን ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ለበሩ በእጅ የሚከፈት እጀታ ይደረግለት ብለው ለምነው ነበር፤ የመኪናዋን መልክ ያበላሻል ተባለና ቀረ። በምትኩ በየመኪናው ውስጥ በቀይ ቀለም የተጻፈ፣ በመስታወት የተሸፈነ ማስታወቂያ ተሰቀለልን፦ «ኃይል ሲቋረጥ ተሳፋሪዎች ከመቀመጫቸው ሳይነሡ በትዕግሥት ይጠብቁ። በሩን መግፋት ክልክል ነው። ኃይሉ በራሱ ይመለሳል።» ልብስ ሲቀደድ ቀዳዳውን መስፋት ትቶ ለባሹን «አትንቀሳቀስ» ብሎ ማዘዝ ይቻል እንደ ነበር፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስፌት ሳስተምር አላወቅሁም ነበር። አሁን አውቄዋለሁ፤ ለተማሪዎቼ ግን አላስተምርም።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ወንበርዎን ቢያመቻቹ መልካም ነው፤ ረዘም ይላልና።

ሰፈሩ ሁሉ አዴ፣ እናቴ፣ የሚላት ናፊሳ ጎረቤቴ ነበረች። በአንድ ግድግዳ ነው የምንለያየው፤ እሷ ስትስቅ የእኔ ሳህን ከመደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀፊራ ገበያ ሳምቡሳና ባጊያ የሚባለውን የባቄላ ጥብስ ትሸጥ ነበር። ሰፊ ሴት ነበረች፤ ይህን ማኅበርዎ ስለ መሰከረላት አልክደውም። ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውን፣ አደርኛውንና ዐረብኛውን አጣርታ ትናገራለች፤ አማርኛውን ደግሞ እንደ ፈቀዳት ታደርገዋለች። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ ጨርቅ ስገዛ ያለ እሷ ገበያ አልወጣም ነበር፤ ነጋዴው በየትኛውም ቋንቋ ቢሸሽ እዚያው ደርሳ ትይዘዋለች።

በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቀፊራ ለመውረድ ከላጋሃሬ ሰፈር ተሳፈርን። ሾፌሩ ዒጋል ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ተሳፋሪ ሳይቀመጥ የማይነሣ የሶማሌ ሰው። ከተማው ላይ ጠብታ ዝናብ አልነበረም። በደንገጎ በኩል ግን ተራራው ጠቁሯል። የደቻቱ ወንዝ ደግሞ እኛ ዘንድ ፀሐይ ሳለ ላይ የዘነበውን ይዞ እንደሚመጣ እዚህ አገር የተወለደ ሁሉ ያውቃል። መኪናዋ ወደ ድልድዩ በመዞር ፈንታ ወደ ታችኛው የድንጋይ መሻገሪያ ስትታጠፍ ናፊሳ ሾፌሩን ከእኛ የሚለየውን የሽቦ ግርዶሽ በቀለበቷ መታችው።

«ዒጋል! ላይ ጠቁሯል እኮ፣ በድልድዩ ዙር እንጂ!»

«አዴ፣ ድልድዩን መዞር ባትሪ ይጨርሳል ብለዋል። ከዞርሁ ከሥራ እወጣለሁ። ትእዛዝ ነው።»

«አቦ! ትእዛዝ ዋና ይችላል እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ፈገግ አለና በአሸዋው መካከል ነዳት። የወንዙ ወለል ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ፍየሎች እንኳ ተኝተውበት ነበር። የወንዙ እኩሌታ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ቀጥ አለች።

ክቡር ሆይ፣ ማስታወቂያዎ ከፊት ለፊታችን ተሰቅሎ ነበርና እንደ ታዘዝነው ከመቀመጫችን ሳንነሣ በትዕግሥት ጠበቅን። ናፊሳ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን እያራገበች አንድ የሚያለቅስ ሕፃን ታጫውት ነበር። ከዚያ ፍየሎቹ ተነሥተው ሮጡ። ወዲያው ከዳር የቆሙ ሰዎች «ሎላን ዹፌ! ሎላን ዹፌ!» እያሉ ጮኹ። ጎርፉ መጣ ማለታቸው እንደ ሆነ ኦሮምኛ ለማያውቅም ገባው፤ ከላይ በኩል ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማ ነበርና።

ዒጋል በራሱ በኩል እንደ ሰው መኪና በእጅ የምትከፈት በር አለችው፤ ዘሎ ወረደ። መሮጥ ይችል ነበር፤ ሰው ነውና ቢሮጥም ባልፈረድንበት። እሱ ግን ዞሮ መጥቶ የጎማ መፍቻውን ብረት በበሩ ስንጥቅ ከትቶ ታገለ። በሩ ንቅንቅ አላለም። «በመስኮት! በመስኮት ስጡኝ!» አለ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደርሷል።

ከውስጥ ሰው እያነሣች የምታቀብለው ናፊሳ ነበረች፤ አቅሙ ያላት እሷ ብቻ ነበረቻ። ሕፃኑን፣ እናቲቱን፣ አንድ አክታ የሚያፍናቸውን ሽማግሌ፣ ሁሉንም እንደ ዱቄት ከረጢት ብድግ እያደረገች በቀዳዳዎ አሾለከች። ባለጋሪዎቹ ከዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው ገብተው ይቀበላሉ። የእኔም ተራ ደረሰ።

«አንቺስ?» አልኋት።

«በዚህች? በዚህች ድመት እንኳ አትወጣም! አንቺ ቀጫጫ ነሽ፣ ውጪ! ወላሂ ውጪ!»

ወገቤን ይዛ ወረወረችኝ ማለት ይቀላል። ዒጋል ተቀብሎ ለባለጋሪዎቹ ሲያሳልፈኝ ውሃው ወገቡ ላይ ነበር። ዳር ደርሼ ዞር ስል ሁለት እጆቿ እስከ ትከሻዋ በመስኮቱ ወጥተዋል፤ እሱ አንድ እግሩን ቆርቆሮው ላይ አድርጎ ይጎትታታል። እንደማይሆን ሲያውቅ እጇን ለቀቀና እንደገና ወደ በሩ ሄደ። ናፊሳ «በሩን ክፈቱ!» እያለች በምታውቀው ቋንቋ ሁሉ ጮኸች። በሩ ግን አንዱንም አያውቅም ነበር።

ትልቁ ውሃ መጥቶ መኪናዋን በጎኗ አጋደማት። ዒጋልን ባለጋሪዎቹ በሸሚዙ ይዘው አወጡት፤ የቀኝ እጁ ጣቶች በበሩና በድንጋዩ መካከል ተጨፍልቀው ነበር።

በማግስቱ መኪናዋ ከታች አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ተገኘች። በሩ እንደ ተዘጋ ነበር። የመጋላ ሰፈር ሰዎች ቆርቆሮውን በመጥረቢያ ቀድደው ናፊሳን አወጧት። በዚያው ሰዓት ከማኅበርዎ የመጡ ሁለት ከረባት ያሠሩ ሰዎች ጫማቸው እንዳይረጥብ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ቀረብ አሉና፣ አስከሬኗ በነጠላ ሳይሸፈን፣ «ባትሪዎቹ ደኅና ናቸው?» ብለው ጠየቁ። እኔ እዚያው ቆሜ ሳለሁ አስመለሰኝ። ምናልባት ከጫማቸው ላይ ትንሽ ደርሶ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ሆን ብዬ ቢሆን ኖሮ አስተካክዬ አደርገው ነበር።

አራተኛ። ማኅበርዎ ሐዘናችንን የተካፈለበትን መግለጫ አንብበናል። በዋናው በርዎ ላይ ለጥፈውታል፤ ለፍርድ ቤትም አቅርበውታል። ለአደጋው ምክንያት የሆኑት፣ ይላል፣ አንደኛ ሾፌሩ ያለ ፈቃድ ወደ ወንዙ መግባቱ፣ ሁለተኛ «ሟቿ ከመደበኛ ተሳፋሪ መጠን ያለፈ ውፍረት የነበራቸው በመሆኑ በተዘጋጀላቸው መስኮት ለመጠቀም አለመቻላቸው» ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ደግሜ ደግሜ አንብቤዋለሁ። ሰዋስዉ የተስተካከለ ነው። «የነበራቸው» «አለመቻላቸው» እያለ አንቱ ይላታል፤ በሕይወቷ አንቱ ያላት የመሥሪያ ቤት ወረቀት እንዳልነበረ አውቃለሁና ይህን ክብር ለማግኘት መስጠም ነበረባት ማለት ነው። ስትሳፈር ቲኬት የቆረጠላት ሰው ውፍረቷን አላየም። ባዶ ቦታ ሲፈለግ «አዴ፣ ጠጋ በይ» ያላት አልነበረም። ሰፊ መሆኗ የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ አዝኛለሁ፤ ባል ቀብሬአለሁ፤ ሐዘን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይህን ወረቀት ሳነብ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። ምግብ ውስጥ ፀጉር ያገኘ ሰው የሚሰማው ነው።

ዒጋል በማኅበርዎ ክስ እጁ በጨርቅ እንደ ተጠቀለለ ታሠረ። በችሎቱ ቀን የተሳፈርነው ሁሉ፣ ያልተሳፈሩትም ጭምር፣ ግቢውን ሞላነው። ጠበቃዎ እጅግ አንደበተ ርቱዕ ሰው ናቸው። ተሽከርካሪዎቹ እንከን የሌላቸው መሆናቸውን አስረድተው ሲያበቁ፣ ዳኛው ቢፈቅዱ አንዷን አስመጥተው እዚያው ግቢ ውስጥ ሊያሳዩ ቃል ገቡ። ዳኛው «ይምጣና እንየው» አሉ።

መኪናዋ ታጥባ፣ አረንጓዴ ተቀብታ መጣች። ጠበቃው እጃቸውን እያወዛወዙ ገቡ፤ በሩ ሳይንሿሿ ተዘጋ፤ አንዴ ግቢውን ዞሩ። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ መኪናዋ ፀሐዩ መካከል ቀጥ አለች።

ትንሽ ቆይቶ የጠበቃው ፊት ከጣራው ሥር በቀዳዳው ታየ። መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር። ኋላ «እስቲ ክፈቱልኝ» አሉ። ቀጥለውም ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመሩ። ያን ጊዜ እማማ ይርገዱ የሚባሉ የላጋሃሬ አሮጊት ከሕዝቡ መካከል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጌታዬ፣ ከመቀመጫዎ አይነሡ እንጂ! ኃይሉ በራሱ ይመለሳል!» አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው እንኳ ወረቀታቸውን አንሥተው ፊታቸውን ከለሉ።

ያልሳቀው ዒጋል ብቻ ነበር። የድብደባውን ድምፅ ሲሰማ ከቆመበት ዘሎ በዚያ በተጠቀለለ እጁ ወደ በሩ ሊሮጥ ሲል ፖሊሱ ወገቡን ይዞ አስቀረው። «ልቀቀኝ! ሰው አለ ውስጥ! ሰው አለ!» ይል ነበር። ሳቁ እንደ ጀመረ ቆመ። ዳኛው ወረቀታቸውን አስቀመጡ። በሩን ፖሊሶች በመጥረቢያ ሰበሩት፤ ጠበቃውም ከረባታቸው ዞሮ ትከሻቸው ላይ ደርሶ ወጡ። ዒጋል በዚያው ዕለት በነጻ ተሰናበተ፤ የማኅበርዎ ጉዳይ ደግሞ ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ። ቀጠሮው ገና ስላልደረሰ ክቡርነትዎ መኪናዎቹን ዛሬም በመንገድ ላይ አሰማርተዋል። ስለ ጽናትዎ ላደንቅዎ እወዳለሁ። እኛ ግን አንሳፈርም። በእግራችን፣ በጋሪ፣ በድልድዩ በኩል እንሄዳለን፤ አውቶቡሶችዎም ባዶ ወንበራቸውን ይዘው፣ ማስታወቂያቸውን ለራሳቸው እያነበቡ፣ ሲመላለሱ እናያቸዋለን።

አምስተኛና የመጨረሻው። ልመና ነው እንጂ ቅሬታ አይደለም። ሽሬ የሚባለው የናፊሳ ባል ወደ ሥራው ሲሄድ በየቀኑ በዋናው በርዎ በኩል ያልፋል። ማንበብ አይችልም። አንድ ቀን አብረን ስናልፍ የተለጠፈውን መግለጫ በጣቱ አሳይቶ «ይህ ምንድን ነው የሚለው?» ቢለኝ፣ «ሠራተኛ እንፈልጋለን ነው» አልሁት። ይህ ደብዳቤ ሲወጣ ግን ከሌላ አፍ እንዳይሰማው ብዬ ትናንት ቤቱ ሄጄ ከመግለጫው ቃሉን ሳላጎድል ነገርሁት። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። በመጨረሻ «እሷስ ወፍራም ነበረች» አለ፤ «መስኮቱን ያጠበበው ማን ነው?»

ጥያቄውን ለክቡርነትዎ አስተላልፌአለሁ። መልስ ለመስጠት ካልተመቸዎ፣ ቢያንስ ያን ወረቀት ከበርዎ ላይ እንዲያነሡት በእግዚአብሔር ስም እለምንዎታለሁ። መገንጠሉ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ በእጅ ይሆናል።

የጣራዎ ማራገቢያ ሳያቋርጥ እንዲሽከረከርልዎ፣ በገቡበት ቤት ሁሉ በሩ በእጅ የሚከፈት እንዲሆንልዎ፣ ጎርፍም ከመምጣቱ በፊት ጮኾ የሚነግርዎ ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ እጅግ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥና በእግሯ ሂያጅ
የኔነሽ ካሣ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ይዤ ስወጣ ከከዚራ ማዕዘን ላይ ክብርት ባለቤትዎ ጋሪ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። አንዷ አውቶቡስዎ ባዶዋን አጠገባቸው መጥታ ቆመች፤ ሾፌሩም ስላወቃቸው በሩን ከፍቶ በአክብሮት ጠበቃቸው። እሳቸው ግን ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ሰላምታ አቅርቤ፣ የራስዎ ሳለ ስለምን አይሳፈሩም ብዬ ጠየቅኋቸው። ክብርትነታቸው ግራና ቀኝ አዩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እኮ ልጆች አሉኝ፣ እኅቴ» አሉኝ።